ከመጠጥ ለመላቀቅ ኮች የሚበቃው ለማን ነው?

መጠጥ ማቆም ወይም መቀነስ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ስልኩን ከፍቶ እርዳታ ሲፈልግ ከሐኪም በፊት ኮች ያገኛል። በቪዲዮ የሚያወራው፣ በየቀኑ መልእክት የሚልክለት፣ "አብረን እንወጣዋለን" የሚለው ሰው። ከኮቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ጠጪ የነበሩና ያቆሙ ናቸው። ቀጠሮው ቶሎ ይደርሳል። ከቤት መውጣትም አያስፈልግም። የሚያውቀኝ ሰው ወረፋ ላይ ያየኛል ብሎ መሳቀቅ የለም። ሰው ወደዚያ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮች የሚለውን መጠሪያ በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ አይጠብቀውም። ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ፈቃድህን አሳይ ይባላል። ኮች ነኝ የሚል ግን የወራት ሥልጠና ወስዶም፣ የቅዳሜና እሑድ ኮርስ ወስዶም፣ ምንም ሳይወስድም ሥራ ሊጀምር ይችላል። እንግዲህ "ይሄ ሰው ለኮቺንግ ይሆናል ወይስ ሌላ ቦታ ነው መሄድ ያለበት?" የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ክፍያውን የሚቀበለው ኮች ራሱ።

ሲወስን የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄም የታወቀ ነው። "ለመለወጥ ዝግጁ ነህ?" ሰውየው "አዎ፣ በቃኝ" ካለ ይመዘገባል። "እስቲ ላስብበት" ካለ "ገና አልደረሰም" ተብሎ ይሸኛል። በኔ እይታ ይህ ማጣሪያ በሁለቱም ጫፍ ይስታል። አደጋ ላይ ያለውን ያስገባል፤ ሊጠቀም የሚችለውን ያስወጣል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ኮች ምን እንደሚሠራ እንስማማ። ኮች በሽታ አይመረምርም። መድኃኒት አያዝም። የልጅነት ቁስል አይቆፍርም። ሥራው ከዛሬና ከነገ ጋር ነው። ዓርብ ማታ ከሥራ ስትወጣ ወዴት ትሄዳለህ? ድግስ ላይ ብርጭቆ ሲዘረጋልህ ምን ትላለህ? እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ለማን ትደውላለህ? ደሞዝ የገባ ቀንስ? ይህን አብሮ ያቅዳል፣ ይከታተላል፣ ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደተፈጠረ አብሮ ያያል።

ከስፖንሰርም ይለያል። ስፖንሰር የሚባለው በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ውስጥ ቀድሞ ያቆመና አዲስ የመጣውን በነፃ የሚደግፍ አባል ነው። ማኅበሩ የተጀመረው በ1935 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ አክረን ከተማ ነው። መሥራቾቹ ሁለት ጠጪዎች ነበሩ፤ አንዱ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ቀድሞ የወጣ ሰው ሌላውን ይስባል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ መልክ ይዟል። ኮቺንግ አንዱ መልኩ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ይከፈልበታል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2007 ሜዲኬይድ በተባለው የጤና መድን በኩል ለአቻ ድጋፍ (በተመሳሳይ ችግር ያለፈ ሰው ለሌላው ለሚሰጠው እርዳታ) መክፈል እንደሚቻል ለግዛቶቹ ሲያሳውቅ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። ደጋፊው የሠለጠነና የምስክር ወረቀት ያለው ይሁን። የሚቆጣጠረው ባለሙያ ይኑር። ሥራው ከሌላው ሕክምና ጋር ይቀናጅ። በግል ገበያ ላይ ያለ ኮች ከእነዚህ አንዱም ላይኖረው ይችላል። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ዙሪያው ግን ባዶ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚደውልለት የለውም።

ቆራጡ ሰው

አልኮል የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል። በየቀኑ በብዛት ሲገባ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል። ፍሬን ተይዞ ነዳጅ እንደሚረገጥ መኪና ማለት ነው። መጠጡ በድንገት ሲቆም ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው።

ከመጨረሻው ብርጭቆ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይከተላል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስን አስቶ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ወድቆ በማያውቅ ሰው ላይም ጭምር። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ሊከሰት ይችላል። ሰው የት እንዳለ ይጠፋዋል። የሌለ ነገር ያያል። ትኩሳቱና የደም ግፊቱ ይወጣል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ካልታከመ ግን ይገድላል። ሄሮይን ማቆም ሲኦል ነው ይባላል፤ በራሱ ግን እምብዛም አይገድልም። አልኮል ግን በየመደርደሪያው በሕጋዊ መንገድ እየተሸጠ፣ በድንገት ማቆሙ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አሁን "ዝግጁ ነህ?" ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ከሁሉ በላይ ዝግጁ የሆነው ሰው ማን ነው? እሑድ ማታ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ፍሳሽ ውስጥ ደፍቶ "ከነገ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀምስም" ብሎ መልእክት የሚልከው ነው። ኮቹ "ጀግና!" ብሎ ይመልስለታል። ሰውየው ለዓመታት በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ቮድካ የሚጨርስ ከነበረ ማክሰኞ ድንገተኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ያውም የሚያደርሰው ሰው ቤት ውስጥ ካለ። ቁርጠኝነቱ አላዳነውም፤ እንዲያውም ወደ አደጋው ያፈጠነው እሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሐሳቡ ሳይሆን ስለ አካሉ መሆን አለበት። በቀን ምን ያህል ትጠጣለህ? ጠዋት ሳትቀምስ እጅህ ይረጋል? ሌሊት ለመጠጣት ትነሳለህ? ከዚህ በፊት ስታቆም ወድቀህ ወይም የሌለ ነገር አይተህ ታውቃለህ? የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን አብረህ ትወስዳለህ? ምግብስ ትበላለህ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች። ግን ለረጅም ጊዜ እየጠጣ ምግብ የተወ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ይጎድለዋል፤ ጉድለቱም አንጎልን በቋሚነት ሊጎዳ ይችላል። እግሩ ሲወለካከፍ፣ ዓይኑ እንደ ልብ አልዞር ሲለው፣ ነገር ሲምታታበት ያየ ሰው "ሰክሮ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ሳይውል ሳያድር ቫይታሚኑ በመርፌ ሊሰጠው የሚገባ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ይህን በቪዲዮ ጥሪ ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ከባድ ነው።

ቁጥር ለሚፈልግ፣ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2011 ያወጣው መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው። በቀን ከ15 ዩኒት በላይ የሚጠጣ ወይም ኦዲት በተባለው መጠይቅ 20ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በሕክምና እየተረዳ እንዲያቆም ይገምገም ይላል። አንድ የእንግሊዝ ዩኒት 8 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 15 ዩኒት ማለት እንግዲህ 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 9 ጠርሙስ ገደማ ነው። በወይን ከሆነ አንድ ተኩል ጠርሙስ ያህል። በቀን ከ30 ዩኒት በላይ የሚጠጣ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ዴሊሪየም ትሬመንስ የደረሰበት ሰው ደግሞ ተኝቶ እንዲታከም ይታሰብለታል። 30 ዩኒት ከአንድ ባለ 700 ሚሊ ሊትር የውስኪ ጠርሙስ ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ በታች የሚጠጣ ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ዕድሜ፣ የጉበት ሁኔታ፣ እርግዝና፣ ሌላ መድኃኒት፣ ብቻውን መኖሩ ሁሉ ስሌቱን ይቀይሩታል።

አንዳንዱ "አምስቴ አቁሜ አውቃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም" ይላል። ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር አንጎል ለሚቀጥለው ይበልጥ ስስ ይሆናል። የመጀመሪያው በላብና በእጅ መንቀጥቀጥ ያለፈለት ሰው በስድስተኛው ሊወድቅ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው ምክር ለጆሮ እንግዳ ነው። ሐኪም እስኪያይህ በድንገት አታቁም ይባላል። ኮች ነኝ ለሚል ሰው ይህን ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን ማለት አለበት።

ኦዲት ያልኩት መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። 8ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ አሳሳቢ ነው። 20 ከደረሰ ጥገኝነት፣ ማለትም ያለ አልኮል መሆን አለመቻል፣ ይጠረጠራል። ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ክፍያም የለውም። ይህን እንኳ ሳያስሞላ ደንበኛ የሚቀበል ኮች ካለ፣ ለኔ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

መሐል ላይ ያሉት

እስካሁን የማይሆነውን አወራን። የሚሆነውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2019 ወደ 400 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር የተያያዘ የጤና መዛባት ነበረባቸው። ከእነዚህ 209 ሚሊዮኑ ጥገኝነት ላይ የደረሱ ናቸው። የቀሩት፣ ግማሽ ሊሞሉ ምንም ያልቀራቸው፣ ችግር አለባቸው እንጂ እዚያ አልደረሱም። ከኮቺንግ ብዙ የሚጠቀመው ሰው በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ሥራው ላይ አለ። ጠዋት እጁ አይንቀጠቀጥም። ግን ሁለት ብሎ ጀምሮ ስድስት ላይ ያገኘዋል። ከሚስቱ ጋር በየሳምንቱ በዚሁ ይጣላል። ሰኞ ሰኞ ሥራ ያረፍዳል። ሆስፒታል ቢሄድ "ምን ሆንኩ ብዬ?" ይላል። ለዚህ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚያቅድና በማግስቱ "እንዴት ሆነ?" የሚል ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ይህን በደረጃ ያስቀምጠዋል። 11 ምልክቶች አሉ። ካሰቡት በላይ መጠጣት፣ ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ አምሮቱ፣ ሥራና ቤት መበደል፣ ሌሎችም። በ12 ወር ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ከታዩ ቀላል፣ አራት ወይም አምስቱ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ቀላልና መካከለኛው ለኮች ይሆናል ማለት ይቻላል።

ከባዱ ግን ለኮች አይሆንም ብሎ መደምደም ስህተት ነው። እንዲያውም የአቻ ድጋፍ የተወለደው ለእነሱ ነው። ዋናው ጉዳይ መቼ የሚለው ነው። ከባድ ጥገኝነት ያለበት ሰው ከዲቶክስ፣ ማለትም በሕክምና እየተረዳ አልኮልን ከሰውነቱ ከማስወጣቱ፣ በፊት ለኮች አይሆንም። ከዲቶክስ በኋላ ግን፣ አካሉ ተረጋግቶ፣ ሐኪሙ እየተከታተለው፣ እንደሱ ኮች የሚያስፈልገው ሰው የለም። መርዙ ከሰውነቱ ወጥቷል። ቤቱ፣ ጓደኛው፣ የተለመደው መንገድ ግን እንዳለ ይጠብቀዋል። ያው ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት "አይሆንም" ከነበረበት "በጣም ይሆናል" ላይ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ እንሂድ፤ "እስቲ ላስብበት" ወዳለው። ዊልያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 አንድ የማነጋገሪያ ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ሰውየውን መገፋፋትና ማፋጠጥ ትቶ የራሱን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲያወጣ የሚረዳ ነው። መነሻው መወላወል ጤናማ ነገር መሆኑን መቀበል ነው። መጠጥ የሚጎዳው ሰው መጠጥ ይወዳልም። ሁለቱም እውነት ነው። "ማቆም እፈልጋለሁ፣ ግን..." የሚል ሰው ገና ስላልደረሰ አይደለም የሚወላውለው፤ አብዛኛው ሰው የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ነው። ይህን ሰው "ዝግጁ ስትሆን ተመለስ" ብሎ መሸኘት ሥራውን አለመሥራት ነው። ሥራው እሱ ነበራ!

ሚለርና ባልደረቦቹ በ1980 ባወጡት ጥናት ደግሞ አማካሪው ሰውየውን የመስማትና የመረዳት ችሎታው ከደንበኞቹ ውጤት ጋር በጥብቅ ተያይዞ አግኝተውታል። ስለዚህ ሰውየው ይሆናል ወይ ስንል ግማሹ ጥያቄ ስለ ኮቹ ነው። ቁጡ፣ ትዕግስት የሌለው፣ "እኔ እንዲህ ነው ያደረግሁት" ከማለት የማይወጣ ኮች ጋር ማንም ላይሆን ይችላል።

ሰውን ከዘዴ ጋር ማጣመር ይቻላል?

አንዳንድ ድርጅቶች "ይህን መጠይቅ ይሙሉ፣ ለእርስዎ የሚስማማውን ኮች እናገኛለን" ይላሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ግን ይጠራጠራል።

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፕሮጀክት ማች የተባለ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። 1,726 ሰዎች በዕጣ በሦስት የሕክምና ዓይነት ተመደቡ። አንዱ ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያስገባ፣ ሁለተኛው አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚሠራ፣ ሦስተኛው የሚለርን የማነሳሳት ዘዴ የተከተለና በአራት ቀጠሮ የሚያልቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ ማን ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ አስቀድመው ገምተዋል። ውጤቱ በ1997 ሲወጣ ግምቶቹ አብዛኛዎቹ አልሠሩም። በሦስቱም የተመደቡት ሰዎች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም "ሰውን ከዘዴ ማዛመድ እንዳሰብነው አይደለም" በሚል ተደመደመ።

ሙሉ በሙሉ ባዶ ግን አልነበረም። ሁለት ነገር ጸንቶ ቆይቷል፤ ሁለቱም ለኮች ይጠቅማሉ። ቁጣ የሚበዛባቸው ሰዎች በማይገፋው የማነሳሳት ዘዴ ይበልጥ ተጠቅመዋል። ጓደኞቻቸው በሙሉ ጠጪ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲታዩ ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በገቡበት መንገድ ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ማታ ማታ የሚያገኛቸው ሰዎች ሁሉ ብርጭቆ የያዙ ከሆኑ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያወራው ኮች የትኛውን ባዶ ቦታ ይሞላል? ይህ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ወዳጅ፣ ሌላ ምሽት ነው። ቡድን ያስፈልገዋል። ኮቹ ጎበዝ ከሆነ ወደ ቡድን የሚያደርሰው ድልድይ ይሆናል እንጂ ቡድኑን አይተካም።

ነገሩ ኪስንም ይመለከታል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን አይቶ ነበር። ሰዎችን በተደራጀ መንገድ ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያስገባው ሕክምና ሙሉ በሙሉ በማቆም ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች በልጦ ተገኝቷል። ማኅበሩ ራሱ ደግሞ በነፃ ነው። ሁሉም ሰው አይወደውም፤ መንፈሳዊ ቃናው የሚከብደው አለ። ግን ለወራት የሚከፈል የኮቺንግ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ያልነገረ ኮች አንድ ነገር ሸሽጓል።

ቤት ምን አለ?

ሮበርት ግራንፊልድና ዊልያም ክላውድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 የማገገም ካፒታል የሚል ሐሳብ አመጡ። ሰው ከሱስ ሲወጣ የሚደገፍበት ነገር ሁሉ ነው። መኖሪያ፣ ሥራ፣ ጤና፣ ገንዘብ፣ ትምህርት፣ የማይተው ዘመድ። ይህ ያለው ሰው ከኮች ብዙ ያተርፋል። የሌለው ግን ማደሪያ ሳይኖረው "የሳምንቱ ግብህ ምንድን ነው?" ቢባል ንግግሩ ቀልድ ይሆንበታል። መጀመሪያ ማደሪያው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። ካፒታል ያለው ሰው ያለ ኮችም ሊወጣ ይችላል። በ2001 እና በ2002 በአሜሪካ በተሰበሰበ አገር አቀፍ ጥናት ቀደም ሲል ጥገኝነት ከነበረባቸው ከ4,400 በላይ ሰዎች መካከል ባለፈው አንድ ዓመት ጥገኛ ሆነው የተገኙት ሩቡ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሕይወታቸው አንዴም ቢሆን ሕክምና ወይም የቡድን እርዳታ ያገኙትም ሩብ ገደማ ናቸው። ብዙ ሰው እንግዲህ በራሱ መንገድ ተሽሎታል። የኮች ማስታወቂያ ላይ "ሕይወቴን ቀየረው" የሚሉ ምስክርነቶችን ስታነቡ ይህን አስታውሱ። ለከፋይ ደንበኛ ብቻ የተከፈተ በር ካፒታል ያላቸውን መርጦ ያስገባል፤ ከዚያ ውጤታቸውን የራሱ ያደርገዋል። ኮች አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ምስክርነት ማጣሪያ አይሆንም ነው የምለው።

የአእምሮ ጤናውም አለ። ብዙ የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይከፋዋል፣ ይጨንቀዋል። በብዙዎች ላይ ይህ ስሜት ከመጠጥ ከራቁ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ በደንብ ይቀንሳል። ካልቀነሰ መጠጡ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላልና ባለሙያ ይየው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ግን አራት ሳምንት አይጠበቅለትም። የዚያኑ ቀን ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ በደረሰበት ጥቃት ሌሊት የሚባንን፣ ሰውነቱን የሚቆርጥ ሰውም ከኮች አቅም በላይ ነው። ቤት ውስጥ ሰው የሚደበድብ ወይም ራሱ የሚደበደብ ከሆነም እንዲሁ። እዚያ ቀዳሚው ጉዳይ የሰው ደኅንነት ነው።

መድኃኒትን በአጭሩ ልለፈው። ዳይሰልፊራም፣ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ለዚሁ ተብለው የተፈቀዱ ናቸው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው በ1951፣ ሁለተኛው በ1994፣ ሦስተኛው በ2004። "መድኃኒት ሌላ ሱስ ነው" የሚል ኮች ካጋጠማችሁ የማይሆነው ደንበኛው ሳይሆን እሱ ነው።

ግብንም በተመለከተ ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ቀላል ችግር ያለበት ሰው መቀነስ ሊበቃው ይችላል። ጉበቱ ለተጎዳ፣ ላረገዘች፣ ከባድ ጥገኝነት ላይ ለደረሰ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው የሚመከረው። ራሱ በማቆም የዳነ ኮች መቀነስ የሚባል ነገር አይዋጥለትም፤ ራሱ በመቀነስ የተሳካለት ደግሞ ለሁሉም መቀነስን ይሰብካል። የራስ ታሪክ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለሌላው ሰው መለኪያ ሲሆን ነው የሚያበላሸው።

ቤተሰብ ገፍቶ ያመጣውስ? ሚስት ቀጠሮ ይዛ፣ እናት ከፍላ፣ አለቃ አስገድዶ። ይህ በራሱ አያስወጣም። ብዙ ሰው የሚነሳው ተገፍቶ ነው። ግን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት፤ የከፈለው ሰው ምን ይነገረዋል? መልሱ "ደንበኛው ካልፈቀደ ምንም" ካልሆነ፣ ደንበኛው እውነቱን አይናገርም። እውነቱን የማይናገር ሰው ጋር ኮቺንግ የለም።

እምቢ ማለት የሚችል ኮች

ኮች ለመምረጥ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ይህን እመርጥላችኋለሁ። "መጨረሻ ላይ እኔ አልችልህም ብለህ የመለስከው ሰው ምን ዓይነት ነበር?" ማንንም መልሶ የማያውቅ ኮች ወይ ገና ጀማሪ ነው፣ ወይ አያጣራም። ቀጥሎ ወደየትኛው ሐኪም እንደሚልክና ከማን ጋር ስለ ሥራው እንደሚመክር ጠይቁት። የሚያፍር ወይም የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

በኮቹ በኩል ደግሞ ዋናው ነገር አመላለሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እርዳታ የጠየቀ ሰው "አንተ ለዚህ አትሆንም" ሲባል የሚሰማው "ለምንም አትሆንም" ተብሎ ነው። ዳግም ላይደውል ይችላል። "መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ እኔ" ሲባል ግን ሌላ ነው። ስልኩ ሳይዘጋ የክሊኒኩ ቀጠሮ መያዝ አለበት። እስከዚያ ድረስ ብቻውን እንዳያድር፣ ምልክቶቹ ከጀመሩ ወዴት እንደሚሄድ ለእሱም ለሚያምነው ሰውም መነገር አለበት።

አንዴ የተወሰነው ውሳኔም በየጊዜው መታየት አለበት። በየአራት ሳምንቱ ቢሆን ጥሩ ነው። የተጠጣው መጠን እየወረደ ነው? ቀጠሮ እየቀረ ነው? አዲስ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ ድብቅነት አለ? ያገረሸበት ሰው አይባረር። ማገርሸት በዚህ መንገድ ላይ የተለመደ ነው። ግን በተከታታይ ካገረሸ እርዳታው ከፍ ይበል እንጂ ያው ኮቺንግ ለሌላ ሦስት ወር አይታደስ። እዚህ ላይ የኮቹ ገቢና የደንበኛው ጥቅም ፊት ለፊት ይጋጫሉ። የሚቆጣጠር ሦስተኛ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወደ ሐኪም የተላከው ሰው ሲመለስ ደግሞ የሚጠፋ ቀን መኖር የለበትም። ከዲቶክስ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሰው በብዛት ተመልሶ የሚጀምርባቸው ናቸው። ኮቹ ሰውየው የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ ይያዝ፤ የመጀመሪያውን ስልክም የዚያኑ ዕለት ማታ ይደውል።